ኤልም፦ ስለ አንዲት ትንሽ የስዊዘርላንድ ተራራ መንደር ታሪክና ቅርስ እናውራ

ዳገት_ወዳድ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ስዊዘርላንድ ሲወራ ወሬው ባንክና ቸኮሌት ላይ ይቆማል። እኔ ዛሬ አንዲት ትንሽ መንደር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ስሟ ኤልም ይባላል። በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ ግላሩስ በሚባለው ካንቶን (እንደ እኛ ክልል ማለት ነው)፣ የዜርንፍ ሸለቆ ጫፍ ላይ ትገኛለች። እሷ ራሷ ከባህር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከላይ የከበቧት ተራሮች ግን 3,000 ሜትርን ያልፋሉ። የመኪና መንገዱ እዚያው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

ነዋሪዋ ሺህ አይሞላም። ታሪኳን ሳነብ ግን ለአንዲት መንደር ይህ ሁሉ እንዴት በዛባት አልኩ። በ1799 የሩሲያ ጦር በመንደሯ አልፏል። በ1881 ተራራ ተንዶባት ከ110 በላይ ሰው ሞቶባታል። ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ በ1981 ደግሞ፣ ቅርሷን በመጠበቋ የቫከር ሽልማትን ወስዳለች። በ2008 ዙሪያዋን ያሉት ተራሮች በዩኔስኮ ተመዘገቡ። በ2011 ራሷን የቻለች ማዘጋጃ መሆኗ ቀረና ከጎረቤቶቿ ጋር ተዋሐደች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

እኔን በጣም የያዘኝ የ1881ዱ ነው። ተራራው ዝም ብሎ አልወረደም። ከሥሩ የድንጋይ ካባ ነበር። የመንደሩ ሰው ከዚያ ካባ እንጀራውን ይበላ ነበር። ታዲያ ቅርስ ስንል ያማረውን ቤትና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው ወይስ ይህንንም ይጨምራል? የምታውቁ ጻፉ። በተለይ እዚያ አገር ያላችሁ።

ሰናይት_ቪንተርቱር

ወንድሜ፣ ኤልምን በማንሳትህ ደስ ብሎኛል። እኔ የምኖረው እዚሁ ስዊዘርላንድ ነው፣ ኤልምንም አይቻታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ማርቲንስሎኽ ልንገራችሁ። ከመንደሩ በላይ የቺንግልሆርን ተራሮች አሉ። ጫፋቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ ነው። ከጫፉ ዝቅ ብሎ በድንጋዩ መሃል ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ቀዳዳ አለ። ከታች ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ወርዱም ቁመቱም ግን 20 ሜትር ገደማ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት መጀመሪያና መስከረም 20 አካባቢ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ላይ ፀሐይ በቀዳዳው በኩል ታልፍና በቀጥታ የኤልም ቤተ ክርስቲያን ላይ ታርፋለች። ሸለቆው ገና ጥላ ውስጥ ነው። ጨረሩ ለብቻው ተለይቶ ሲወርድ ይታያል፣ በተለይ አየሩ ትንሽ ጭጋግ ካለው። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ሰው ከሩቅ አገር ድረስ ይህን ለማየት ይመጣል፤ ሰማዩ ደመና ከሆነ ግን ምንም ሳያይ ይመለሳል።

አፈ ታሪኩም ደስ ይላል። ቅዱስ ማርቲን በኤልም በኩል በጎቹን ይጠብቅ ነበር። ከተራራው ወዲያ፣ ከፍሊምስ በኩል፣ አንድ ግዙፍ ሰው በጎቹን ሊሰርቅ መጣ። ማርቲን ጫፉ ብረት የሆነውን ዱላውን ወረወረበት። ዱላው ሌባውን ስቶ ዓለቱን በሳው ይላሉ።

ቤቶቹን በተመለከተ፣ ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፣ የፀሐይ ብዛት ያጠቆራቸው። ከ16ኛው እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩት ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። መስኮቱ ላይ አበባ አለ፣ በረንዳው ላይ የልጅ ቦቲ ጫማ አለ። አንዱ የሱቮሮፍ ቤት ይባላል። የሩሲያው ጄኔራል ያደረበት ነው።

ጥያቄ_አለኝ

እትዬ ሰናይት፣ የሩሲያ ጦር እዚያ ተራራ ላይ ምን ሊሠራ ሄደ? አልገባኝም።

የሰፈሩ_መምህር

ልጄ፣ እኔ ልመልስልህ፤ ታሪክ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ዘመኑ ፈረንሳይ ከአብዮቷ በኋላ ከግማሹ አውሮፓ ጋር የምትዋጋበት ነበር። ስዊዘርላንድን የፈረንሳይ ጦር ይዟታል። ሩሲያና ኦስትሪያ ተባብረው ሊያስወጡት ፈለጉ። አሌክሳንደር ሱቮሮፍ የሚባለው የሩሲያ ጄኔራል ጣልያን ውስጥ ድል አድርጎ፣ በጎትሃርድ መተላለፊያ በኩል አልፕስን ተሻግሮ ወደ ሰሜን መጣ። ዙሪክ አካባቢ ካለው ሌላው የሩሲያ ጦር ጋር ሊገናኝ ነበር ሐሳቡ። እሱ ሳይደርስ ግን በመስከረም 1799 መጨረሻ ያ ጦር ዙሪክ ላይ በፈረንሳዩ ጄኔራል ማሴና ተሸነፈ። ሱቮሮፍ ሸለቆው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ፈረንሳዮች መውጫ መውጫውን ይዘውበታል። ከተራራ ወደ ተራራ እየዘለለ ግላሩስ ደረሰ። ከዚያ ብቸኛው ቀዳዳ በኤልም በኩል ነበር።

ጥቅምት 5 ቀን 1799 (በፈረንጅ) ማታ ኤልም ገባ። በማግስቱ ጦሩ የፓኒክስን መተላለፊያ መውጣት ጀመረ። ከፍታው 2,400 ሜትር ነው። አዲስ በረዶ ጥሎ ነበር። ወታደሩ ጫማው አልቋል፣ ስንቁ አልቋል። መድፎቹን ገደል ጣሏቸው። ብዙ መቶ ሰውና የጭነት ከብት በብርድና በገደል እዚያው ቀረ። ጄኔራሉ የዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 70 ይጠጋል።

በጦር ታሪክ መጻሕፍት ይህ ትልቅ ጀግንነት ተብሎ ነው የሚነገረው። እኔ ግን ሁሌ የማስበው የመንደሩን ሰው ነው። ክረምቱ ሊገባ ሳምንታት ቀርተውታል። የከብት ድርቆሹ ተሰብስቧል፣ አይቡ ተቀምጧል፣ እንጨቱ ተከምሯል። በሺዎች የሚቆጠር የተራበና የበረደው ወታደር ድንገት ይመጣብሃል። ጦር ያለፈበት አገር ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

የድንጋይ_ሐኪም

ሙያዬ ጂኦሎጂ ነው። የኤልምን ስም ያልሰማ ጂኦሎጂስት ያለ አይመስለኝም። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ሰናይት ያነሳቻቸው የቺንግልሆርን ተራሮች ናቸው። ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። ተራራው ላይ ከዳር እስከ ዳር በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር አለ። ቀዳዳውም ከመስመሩ ሥር ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ድንጋይ ዕድሜው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ከ35 እስከ 50 ሚሊዮን ዓመት። ልብ በሉ፤ አሮጌው ላይ፣ አዲሱ ታች። ድንጋይ ሲነጠፍ መጀመሪያ የተነጠፈው ነው ታች የሚሆነው። እዚህ ግን ተገልብጧል።

የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቃውንት በዚህ ነገር ብዙ ተጨቃጨቁ። አርኖልድ ኤሸር የሚባለው የዙሪክ ምሁርና ተማሪው አልበርት ሃይም ሁለት ግዙፍ እጥፋቶች ከሰሜንና ከደቡብ ተገናኝተው ነው አሉ። በ1884 ማርሴል ቤርትራንድ የሚባል ፈረንሳዊ የለም፣ አንድ ግዙፍ የድንጋይ ሉህ ከደቡብ ተገፍቶ በሌላው ላይ ወጥቷል አለ። ሃይም ለዓመታት አልተቀበለውም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ግን እጁን ሰጠ። ዛሬ ሁሉም የሚስማማው ሉሁ ቢያንስ 35 ኪሎ ሜትር ተጉዟል በሚለው ነው። ተራሮች እንዴት እንደሚሠሩ ዓለም ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። ዩኔስኮ በ2008 ዛርዶና በሚል ስም የመዘገበውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው የ1881ዱ ናዳ ነው። እሱን ሠፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ማታ እመለስበታለሁ።

ሎሚ_ውኃ

እኔ የማውቀው ኤልመር ሲትሮን ብቻ ነበር። እዚህ አገር በየሱቁ አለ። ለካ ስሙ ከዚህች መንደር ነው! ከ1927 ጀምሮ በኤልም የምንጭ ውኃ የሚሠራ የሎሚ ለስላሳ ነው። ይኸው እኔም አዋጣሁ።

የድንጋይ_ሐኪም

እንዳልኩት ተመልሻለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

በዜርንፍ ሸለቆ በስሱ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። ለጣሪያ ይሆናል፣ ለጠረጴዛ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪ ለሚጽፍባት የእጅ ሰሌዳ ይሆናል። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ይይዝ ነበር። ጽፎ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። በ1874 የስዊዘርላንድ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ግዴታ አደረገው። ጎረቤት አገሮችም በዚያው መንገድ ላይ ነበሩ። የሰሌዳ ፍላጎት ጣሪያ ነካ። ድሃ የነበረችው ኤልም ከቺንግል ተራራ ሥር ይህን ድንጋይ መቁረጥ ጀመረች።

ችግሩ አቆራረጡ ላይ ነው። ጥሩው ድንጋይ ወደ ተራራው ውስጥ ጠልቆ ነው የሚሄደው። ከላይ ያለውን ተራራ ሳይነኩ ከሥሩ እየቦረቦሩ ገቡ። 180 ሜትር ያህል ስፋት፣ 60 ሜትር ያህል ጥልቀት። በቂ ምሰሶ አልተውም። ቤቱን ሳይነኩ ከመሠረቱ ሥር አፈር እንደ መዛቅ ነው። ሠራተኞቹ የማዕድን ሙያ የተማሩ ሰዎች አልነበሩም። ገበሬዎች ናቸው።

ከካባው በላይ ተራራው ላይ ስንጥቅ ታየ። ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄደ። በ1881 ክረምት ዝናብ በዛ። ስንጥቁ ሰው ሊዘለው የማይችል ሆነ፣ ውኃም ይገባበት ጀመር። ድንጋይ መርገፉ ስለበዛ ከአደጋው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሥራው ቆመ። በዋዜማው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የተወሰኑ ኃላፊዎች ወጥተው ስንጥቁን አዩ። ሥራው ይቁም፣ ለጊዜው ግን አያሰጋም ብለው ወረዱ።

እሑድ፣ መስከረም 11 ቀን 1881። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1874፣ የአዲስ ዓመት ማግስት። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ የመጀመሪያው ናዳ ወረደ። ሰዉ ከየቤቱ ወጣ። ግማሹ ለማየት፣ ግማሹ ቅርብ ያሉትን ለመርዳት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሁለተኛው ወረደ። ሰዉ ሩጫ ጀመረ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሃል ላይ የቀረው ዋናው ተራራ ተነቅሎ መጣ። በድምሩ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይ።

ዋናው ናዳ ተራራውን ተከትሎ አልወረደም። የካባው አፋፍ ጋ ሲደርስ አየር ላይ ተወረወረ። ከዚያ ፊት ለፊት ካለው ዱኒበርግ ከሚባለው ዳገት ጋር ተጋጨ። ሽቅብ ወጣበት። ቀጥሎ ታጥፎ ሸለቆውን ተከትሎ እንደ ፈሳሽ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነጎደ። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። ልቤን የሚነካው እዚህ ላይ ነው፤ ዱኒበርግ ከፍ ያለ ስለሆነ ያድነናል ብለው ወደዚያ የሸሹ ሰዎች ነበሩ። ናዳው እዚያ ደረሰባቸው። ከሥር የነበረችው ኡንተርታል የምትባለው ሰፈር ሙሉ በሙሉ ተቀበረች። ከ80 በላይ ሕንፃ ጠፋ።

አልበርት ሃይም፣ ያ የመስመሩ ሰውዬ፣ ወዲያው ሄዶ ከፓስተር ኤርንስት ቡስ ጋር የዓይን ምስክሮችን እየጠየቀ ሁሉንም መዘገበ። ማን የት ቆሞ ምን አየ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ጥርት አድርጎ። ድንጋይ ተሰባብሮ እንደ ውኃ መፍሰሱን በዚህ ጥራት የጻፈ ከእሱ በፊት የለም። ዛሬም ድረስ ስለ ታላላቅ ናዳዎች የሚያጠና ሰው ከኤልም ነው የሚጀምረው።

የጎፋ_ልጅ

የድንጋይ ሐኪም፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ናዳ ወርዶ ሰው ለመርዳት ሲወጣ ሁለተኛው መጣ ያልከው ላይ ስደርስ ማቆም ግድ ሆነብኝ።

በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ላይ የሆነው ይኸው ነው። መጀመሪያ የተቀበሩት በቤታቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያጣውም በእጁ፣ ሊያወጣቸው ተሯሯጠ። ሲቆፍሩ ከላይ የቀረው ተራራ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው አጣን። ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱት ናቸው።

እኛ ጋ ካባ አልነበረም። ዝናብና ቁልቁለት ነው። ግን 140 ዓመት ቀድሞ ሌላ አገር ላይ ተመዝግቦ የተቀመጠ ነገር መሆኑን ሳውቅ በጣም ነው ያዘንኩት። ናዳ አንድ ጊዜ ወርዶ እንደማያበቃ ለገበሬው የነገረው የለም።

የድንጋይ_ሐኪም

ነፍሳቸውን ይማር፣ ለእናንተም መጽናናትን ይስጥ ወንድሜ።

ያልከው ትክክል ነው። የናዳ አንድ ጎን ሲወርድ ቀሪው ድጋፉን ያጣል። ከደቂቃ እስከ ቀናት ባለው ጊዜ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ የነፍስ አድን ሥራ ሲጀመር አንድ ሰው ዓይኑን ከላይኛው አፋፍ ላይ ሳይነቅል ቆሞ መጠበቅ አለበት። አዲስ ስንጥቅ፣ የሚረግፍ ጠጠር፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካየ ሁሉም ይውጣ። ይህ ገንዘብ አያስፈልገውም። በየቀበሌው ሊነገር የሚችል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሊነገር የሚገባው ነው።

ዳገት_ወዳድ

የጎፋ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን ክር ስከፍት ይህን አላሰብኩም ነበር። ስለጻፍክ አመሰግናለሁ።

አንድ ጥያቄ ለድንጋይ ሐኪም። ጥፋቱ የማን ነው ትላለህ? ሰዎቹ ገንዘብ ስለፈለጉ ነው ወይስ ስላላወቁ?

የድንጋይ_ሐኪም

ሁለቱም ቢኖርበትም፣ እኔ እውቀት የሌላቸው ሰዎች ብቻቸውን መተዋቸው ነው የሚመዝንብኝ። ስንጥቁን አይተዋል። ፈርተዋል። ሥራም አቁመዋል። ይህ ተራራ ነገ ይወድቃል ወይስ ከ10 ዓመት በኋላ የሚለውን የሚያውቅ ግን በመካከላቸው አልነበረም። ካባው ሲጀመር እንዴት ይቆረጥ ብሎ የጠየቀ ባለሙያም አልነበረም።

ሰናይት_ቪንተርቱር

በዚህ ላይ ልጨምር። እዚህ አገር ነገሩ ምን ያህል እንደተለወጠ በ2025 አየነው (ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው)። በቫሊስ ካንቶን፣ ሎሸንታል ሸለቆ ውስጥ ብላተን የምትባል መንደር አለች። ከላይዋ ተራራው መርገፍ ጀመረ፣ ድንጋዩ ቢርች በሚባለው የበረዶ ግግር ላይ ይከመር ጀመር። ባለሙያዎች በየሰዓቱ ይለኩ ነበር። ግንቦት አጋማሽ ላይ 300 የሚሆነውን ነዋሪ በሙሉ ከከብቱ ጋር አስወጡ። በግንቦት 28 ግግሩ ተንዶ ወረደና መንደሯን ከሞላ ጎደል ቀበራት። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ተረፈ። መንደር ጠፋ፣ ሕዝብ ተረፈ። ዜናውን እያየሁ አልቅሻለሁ፤ የዘመናት ቤት በደቂቃ ሲጠፋ ማየት ከባድ ነው። ግን ከኤልም ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ የሰው ነፍስ ነው።

ወደ ኤልም ልመለስ። ከናዳው በኋላ የሰሌዳ ድንጋይ ሥራ አልቆመም። ሌላ ቦታ ቀጠለ። ያለዚያ ምን ይብሉ? በ1898 የተከፈተ የሰሌዳ ፋብሪካ እስከ 1980ዎቹ ሠርቷል። ዛሬ ማሽኖቹ እንዳሉ ሙዚየም ሆኗል። ገብቼ አይቼዋለሁ። ድንጋዩን ጫፉ ላይ በመሮ መታ ሲያደርጉት ቀስ ብሎ እንደ ወፍራም ወረቀት ይላቀቃል። ይቆረጣል፣ ይለሰልሳል፣ በሾለ ብረት መስመር ይወጣለታል። አንዱ ገጽ ለጽሕፈት፣ ሌላው ገጽ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ለሒሳብ። ከዚያ የእንጨት ክፈፉ ይገባል። አቧራው ግን ሳንባ ይጎዳ ነበር። ከታች እንጊ በምትባለው ጎረቤት መንደር ያለው ትልቁ የድንጋይ ማውጫም እስከ 1961 ሠርቷል። እዚያ ድንጋይ ሲሰነጥቁ በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው የዓሣ ቅሪቶች ወጥተው በየአገሩ ሙዚየም ገብተዋል።

የሰፈሩ_መምህር

ሰናይት፣ ይህን በማንሳትሽ ተባረኪ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የአውሮፓ ልጆች ፊደል የቆጠሩት ከዚያ ሸለቆ በወጣ ድንጋይ ላይ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬአለሁ። ዳገት ወዳድ ላነሳው ጥያቄ የእኔ መልስ እዚህ ላይ ነው። ቅርሱ ካባውንም፣ ናዳውንም፣ የሟቾቹንም ስም ይጨምራል። ያን ትቶ ቤቱን ብቻ የሚያሳይ መንደር ታሪኩን ግማሽ አድርጎታል። ኤልም ሁለቱንም ማቆየቷን ነው የማከብርላት።

አትሌቲክስ_አፍቃሪ

ስፖርቱን ማንም አላነሳም! ፍሬኒ ሽናይደር የኤልም ልጅ ናት። በ1964 ነው የተወለደችው። በ1988 ካልጋሪ ላይ ሁለት፣ በ1994 ሊልሃመር ላይ አንድ የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች፣ በበረዶ ሸርተቴ። በዓለም ዋንጫ ውድድሮች 55 ጊዜ አሸንፋለች። በቆጂን የሚያውቅ ሰው ከትንሽ ደጋ ከተማ ሻምፒዮን ሲወጣ አይደንቀውም፤ የእሷን ግን ልብ ብላችሁ እዩ። ሺህ ሰው በማይሞላበት መንደር ነው።

ጥያቄ_አለኝ

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ዳገት ወዳድ በ2011 ማዘጋጃ መሆኗ ቀረ ብሏል። ይህን ሁሉ ታሪክ ይዛ እንዴት ትዋሐዳለች? ማን አስገደዳት?

ዳገት_ወዳድ

ማንም አላስገደዳትም። ወይም የራሷ ካንቶን ሕዝብ ነው ማለት ይቻላል።

ግላሩስ ውስጥ ላንድስገማይንደ የሚባል ጉባኤ አለ። በዓመት አንዴ፣ በፈረንጆቹ ግንቦት የመጀመሪያው እሑድ፣ መራጩ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ካርድ በማንሳት ሕግ ያወጣል። በስዊዘርላንድ ይህን የጠበቁት ግላሩስና አፔንዜል ኢነርሮደን ብቻ ናቸው። በ2006 የካንቶኑ መንግሥት 25ቱን ማዘጋጃዎች ወደ 10 እንቀንስ ብሎ ለጉባኤው አቀረበ። አንድ ሰው ተነሥቶ 3 ይሁኑ አለ። ሕዝቡ 3 ይሁኑ ብሎ ወሰነ! ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ደነገጡ። ተቃዋሚዎች እንደገና ይታይ አሉ። በ2007 ልዩ ጉባኤ ተጠራ። ሕዝቡ ውሳኔውን አጸናው። ኤልም ግላሩስ ዙድ ውስጥ ገባች። ስትመሠረት በቆዳ ስፋት ከስዊዘርላንድ ማዘጋጃዎች ሁሉ ትልቋ ነበረች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ትንንሾቹ መንደሮች ትምህርት ቤቱን፣ መንገዱን፣ የጎርፍ መከላከያውን ብቻቸውን መሸከም አቅቷቸው ነበር። ለማዘጋጃው ሥራ የሚወዳደር ሰው እንኳ ይጠፋ ነበር።

ሰናይት_ቪንተርቱር

እውነት ነው፣ ግን ሁሉም ደስተኛ ነው እንዳንል። እዚያ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ከየት ነዎት ስላቸው "ከኤልም" ነው ያሉኝ እንጂ የአዲሱን ማዘጋጃ ስም አልጠሩም። ድሮ ውሳኔው መንደሩ ውስጥ ነበር፣ አሁን ከመንደሩ ውጭ ነው የሚሄዱት። ይህ የሚሰማቸው አሉ።

የሰፈሩ_መምህር

ስለ ግላሩስ ሕግ ከተነሳ ሁለት ነገር ጣል ላድርግ። ይህ ትንሽ ካንቶን በ1864 ባወጣው የፋብሪካ ሕግ የአዋቂ ሠራተኛን የሥራ ቀን በ12 ሰዓት ወስኗል። በዚያን ዘመን አውሮፓ አዋቂ ወንዶችን የሚጨምር እንዲህ ያለ ሕግ ብርቅ ነበር። ያንንም ያወጣው ያው የአደባባይ ጉባኤ ነው። ደግሞም ከኤልም አጠገብ ባለው የኬርፍ ተራራ ዙሪያ ከ1548 ጀምሮ አደን የተከለከለ ነው። በአውሮፓ ረጅም ዕድሜ ያለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ እሱ ነው ይባልለታል። የእኛ አፄ ገላውዴዎስ ዘመን መሆኑ ነው።

የጎፋ_ልጅ

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ናዳው የወረደበት ቦታ ዛሬ ምን ላይ ነው? ሰው ሠፍሮበታል?

ሰናይት_ቪንተርቱር

እኔ ልመልስልህ፣ አይቼዋለሁና። ሜዳው አረንጓዴ ሆኗል፣ ላም ይግጥበታል። ግን ከሣሩ መሃል ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች እዚህም እዚያም ጎልተው ይታያሉ። መሬቱ ጉብ ጉብ ያለ ነው። ቀና ስትል ተራራው ላይ የተገመጠው ቦታ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የሟቾች መታሰቢያ አለ። ከናዳው በኋላ ከመላው አገሪቱና ከውጭም ብዙ እርዳታ መጥቶላቸዋል። መንደሩን ትተው ሊሄዱ ይችሉ ነበር፤ ከካንቶኑ በድህነት ምክንያት ቀድሞም ብዙ ሰው ወደ አሜሪካ ተሰዷል። በ1845 ዊስኮንሲን ውስጥ ኒው ግላሩስ የምትባል ከተማ የመሠረቱት እነሱ ናቸው። የኤልም ሰው ግን ብዙው እዚያው ቀረ።

ሎሚ_ውኃ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለመሄድ ወስኛለሁ። ዙሪክ ነው ያለሁት። እንዴት ነው የሚኬደው?

ሰናይት_ቪንተርቱር

ከዙሪክ በባቡር ሽቫንደን ትደርሻለሽ። ከዚያ አውቶቡስ አለ፣ ሸለቆውን ይዞ ኤልም ያደርሳል። ከ1905 እስከ 1969 በዚህ መንገድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ይሄድ ነበር፣ አሁን የለም። የሰሌዳ ፋብሪካው ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። እንጊ ላይ ወርደሽ የድንጋይ ማውጫውን ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ በበጋም ቢሆን ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ ያዢ። የማርቲንስሎኽን ፀሐይ ለማየት ከሆነ ከዋዜማው ሄደሽ ማደሩ ይሻላል። ጠዋት ከዙሪክ ዘግይተሽ ከተነሣሽ አትደርሺም።

ሎሚ_ውኃ

እሺ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። መስከረም 20 ላይ ነው የምሄደው። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

የጎፋ_ልጅ

እኔ ጀርመን ነኝ፣ ሽቱትጋርት። እመጣለሁ።